ቤት ውስጥ የቢትኮይን ማሽን መርጦ መትከል፦ ከቆጣሪው የሚነሳ መመሪያ

ማይኒንግ (ቢትኮይንን በማሽን ስሌት ማውጣት) ልጀምር ነው የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ማሽን ይሻላል?" ብሎ ነው። እኔ መልሼ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ትከፍላላችሁ? ማሽኑንስ የት ልታስቀምጡት አስባችኋል? እነዚህ ሳይመለሱ ስለ ሞዴል ማውራት ዝም ብሎ ወሬ ነው። ማሽን አንዴ ይገዛል። ቆጣሪው ግን ማሽኑ እስከሠራ ድረስ ቀን ከሌት ይቆጥራል።

የማወራው በዋናነት ስለ ቢትኮይን ማሽን ነው። ግራፊክስ ካርድና ሌሎች ሳንቲሞችም በቦታቸው ይነሳሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል። ማይኒንግ በሁሉም አገር አይፈቀድም። ቻይና በ2021 ከልክላዋለች። ሌላ ቦታ ደግሞ ፈቃድ ወይም የተለየ የመብራት ታሪፍ ይጠየቃል። የምትኖሩበት አገር ሕግ ምን እንደሚል እወቁ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ውሉንም አንብቡ። ከአከራይ ጋር የሚያጣላው ብዙ ጊዜ ቢትኮይኑ ሳይሆን ጩኸቱ ነው።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

በአጭሩ፦ ማሽኑ ሻ-256 የሚባል ስሌት በሰከንድ በትሪሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይደጋግማል። በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ስሌት አንድ ቴራሃሽ ይባላል። የሚፈልገው ኔትወርኩ ካስቀመጠው ገደብ በታች የሆነ ውጤት ነው። ቀድሞ ያገኘ ብሎኩን፣ ማለትም የግብይት መዝገቡን አዲስ ገጽ፣ ይጽፋል፤ ሽልማቱንም ይወስዳል። ብሎክ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ይገኛል። ሽልማቱ በ2009 ሲጀመር 50 ቢትኮይን ነበር። በየአራት ዓመቱ ገደማ ለሁለት እየተከፈለ መጥቶ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 3.125 ሆኗል። ከዚያ ላይ የግብይት ክፍያ ይጨመራል።

ብዙ ማሽን ሲገባ ብሎኩ ቶሎ ቶሎ እንዳይገኝ ኔትወርኩ በየ2016 ብሎኩ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ የስሌቱን ክብደት ያስተካክላል። ይህ ዲፊከልቲ ይባላል። ለእናንተ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ማሽናችሁ ምንም ሳይሆን፣ እንደ መጀመሪያው ቀን እየሠራ፣ የሚያመጣው ሳንቲም እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። ሻጮች የሚያሳዩት "በወር ይህን ያህል ታገኛላችሁ" የሚል ሰንጠረዥ ይህን አይነግራችሁም።

ሂሳቡ፦ ከመግዛት በፊት

እዚህ ላይ ትንሽ ቆይታ እናድርግ። ገንዘብ የሚተርፈውም የሚጠፋውም እዚህ ነው።

በቀን 144 ብሎክ ገደማ ይገኛል። 144 በ3.125 ሲባዛ 450 ቢትኮይን ነው። በዓለም ያሉ ማሽኖች ጠቅላላ አቅም በ2025 አንድ ቢሊዮን ቴራሃሽ ገደማ ደርሷል። 450ውን ለአንድ ቢሊዮን ብታካፍሉት ለአንድ ቴራሃሽ በቀን የሚደርሰው 45 ሳቶሺ ይሆናል። ሳቶሺ የአንድ ቢትኮይን መቶ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። የኔትወርኩ አቅም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ስትገዙ የዕለቱን ቁጥር አስገቡ። የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም።

አሁን የማሽኑን የመብራት ፍጆታ እናምጣ። ማሽኖች የሚወዳደሩት በቴራሃሽ ብዛት ብቻ አይደለም። ዋናው ቁጥር ለአንድ ቴራሃሽ ስንት ጁል ይበላል የሚለው ነው። ለማግኘት ቀላል ነው፤ ዋቱን ለቴራሃሹ ማካፈል ብቻ። የቢትሜይን አንትማይነር ኤስ21 በ3,500 ዋት 200 ቴራሃሽ ይሰጣል፤ 17.5 ጁል ነው። ኤስ19 ፕሮ በ3,250 ዋት 110 ቴራሃሽ ይሰጣል፤ 29.5 ጁል ገደማ። የድሮው ኤስ9 ደግሞ 98 ጁል አካባቢ ነው።

ከዚህ በኋላ አቋራጭ አለ። በ45 ሳቶሺ ሂሳብ 1,875ን (45 በ1,000 ተባዝቶ ለ24 ሰዓት ሲካፈል የሚመጣውን) ለማሽኑ ጁል ስታካፍሉ ከእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የምታገኙትን ሳቶሺ ታገኛላችሁ። ኤስ21 107 ሳቶሺ ይሰጣል። ኤስ19 ፕሮ 63። ኤስ9 ግን 19 ብቻ። በሦስቱ ማሽኖች ውስጥ የሚያልፈው መብራት አንድ ዓይነት ነው፤ የምትከፍሉትም እኩል ነው።

አሁን የእናንተን ታሪፍ ወደ ሳቶሺ ቀይሩት። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በዕለቱ የቢትኮይን ዋጋ ስንት ሳቶሺ ይገዛል? መልሱ 80 ከሆነ ኤስ21 ያተርፋል፣ ኤስ19 ፕሮ ያከስራል። መልሱ 120 ከሆነ ሁለቱም ያከስራሉ። እንዲህ ከሆነ ማሽን መፈለጉን ተዉት፤ በዚያው ገንዘብ ቢትኮይኑን ራሱን ብትገዙ ይሻላችኋል። ታሪፉ በፍጆታ መጠን የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ማሽኑ የሚያደርሳችሁን እርከን ነው መውሰድ ያለባችሁ። ኤስ21 በቀን 84 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በወር ከ2,500 በላይ ነው። ብዙ ቤት ወዲያው ወደ መጨረሻው እርከን ይገባል።

ከተገኘው ላይ የፑል ክፍያን ቀንሱ። ፑል ማለት ብዙ ሰዎች የማሽናቸውን አቅም አንድ ላይ አድርገው ሽልማቱን የሚካፈሉበት ቡድን ነው። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው። መብራትና ኢንተርኔት የሚጠፋበትን ሰዓትም ቀንሱ። ከዚያ የማሽኑን ዋጋ በቀን ለሚተርፈው አካፍሉ፤ ወጪውን ስንት ቀን እንደሚመልስ ይነግራችኋል። በእኔ ግምት ይህ ቁጥር በዛሬው ዲፊከልቲ ከአንድ ዓመት ተኩል ካለፈ ነገሩ አያዋጣም። ዲፊከልቲው ሲጨምር ያ ቀን ይሸሻል እንጂ አይቀርብም።

የማሽኑን ሙቀት ክፍል ለማሞቅ የምትጠቀሙበት ከሆነ ሂሳቡ ይለወጣል። ማሞቂያው የሚበላውን መብራት ለማንኛውም ትከፍሉት ነበርና ከወጪው ላይ ልትቀንሱት ትችላላችሁ። ቀዝቃዛ አገር የሚኖር ሰው ይህን ሳያሰላ "አያዋጣም" ማለት የለበትም።

የማሽን ዓይነት

በ2009 ቢትኮይን በተራ ኮምፒውተር ይገኝ ነበር። በ2010 ግራፊክስ ካርድ መጣ። ከ2013 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠሩ ቺፖች፣ ማለትም ኤሲክ የሚባሉት፣ ሁሉንም ከጨዋታው አስወጧቸው። ዛሬ ቢትኮይንን በላፕቶፕ ወይም በስልክ እናወጣላችኋለን የሚል አፕሊኬሽን ካያችሁ እለፉት።

ኤሲክ የተሠራበትን ስሌት ብቻ ነው የሚያውቀው። የሻ-256 ማሽን ላይትኮይን ማውጣት አይችልም። ለላይትኮይንና ዶጅኮይን ስክሪፕት የሚባለውን ስሌት የሚሠራ ማሽን ያስፈልጋል፤ አንትማይነር ኤል7 አንዱ ነው። እነዚህ ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ማሽን፣ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ትናንሽ ሳንቲሞችን የሚያወጡ ኤሲኮችም አሉ። ትርፋቸው መጀመሪያ ላይ ያጓጓል፤ ማሽኑ ሲበዛ ግን በወራት ውስጥ ይወርዳል። ሳንቲሙ ከሞተ ማሽኑም ብረት ሆኖ ይቀራል። ለጀማሪ አልመክርም።

ግራፊክስ ካርድስ? ኢቴሪየም ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ማይኒንግ ወደማይፈልግ አሠራር ሲዞር የካርድ ማይኒንግ ትልቁ ገበያ በአንድ ቀን ተዘጋ። የቀሩት እንደ ኢቴሪየም ክላሲክና ሬቨንኮይን ያሉ ናቸው፤ የተረፈውን ካርድ ሁሉ የመመገብ አቅም የላቸውም። ለጌም የገዛችሁት ካርድ ካለ መሞከር ይቻላል። ለማይኒንግ ብላችሁ ግን አትግዙ። ብዙ ካርድ በአንድ ማዘርቦርድ የምታገናኙ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለራይዘር (ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር ለሚያያይዘው ማራዘሚያ) ኃይል የሚወስደውን ገመድ ለዲስክ በተሠራው ሳታ በሚባል ሶኬት አታገናኙ። ሳታ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ገደማ ነው፤ ካርዱ በራይዘሩ በኩል እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል። የቀለጡ ሶኬቶች አብዛኛው ታሪክ ይኸው ነው። ሞኔሮ የሚባለው ሳንቲም ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ራንደምኤክስ በሚባል ስሌት የሚሠራ ስለሆነ በተራ ፕሮሰሰር ይወጣል። ለመማር ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ትንንሾቹ አሉ። ቢትአክስ ጋማ የሚባለው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማሽን ከ20 ዋት በታች እየበላ 1.2 ቴራሃሽ ያህል ይሰጣል። ብቻውን ብሎክ ለማግኘት በአማካይ ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ሎተሪ ነው፤ ሎተሪ መሆኑን አውቆ ለሚገዛ ግን ደስ የሚል ነገር ነው፣ ስለ ፑልና ስለ ኔትወርክ ብዙ ያስተምራል። በመሐል ላይ የካናን አቫሎን ኪው አለ። በ1,674 ዋት 90 ቴራሃሽ ይሰጣል። ለቤት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ከትልልቆቹ ይልቅ ዝም ያለ ነው። መጋዘን ወይም ገለልተኛ ክፍል ለሌለው ሰው እኔ የምመርጠው ይህን መደብ ነው።

ስም ስታዩ ፊደሏንም እዩ። ኤስ19 የሚል ስም ብቻ ምንም አይነግርም። ተራው ኤስ19 34 ጁል ገደማ ነው፣ ኤስ19 ኤክስፒ 21.5 ነው። ሻጭ "ኤስ19 ነው" ካለ "የትኛው?" በሉ። "ሃይድሮ" የሚል የተጨመረበት ደግሞ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። የራሱ የውሃ መስመር ይፈልጋል፤ ብዙዎቹም በሦስት ፌዝ መብራት ነው የሚሠሩት። ረከሰ ብላችሁ እንዳትነኩት።

ቦታ፣ ጩኸትና ሙቀት

ኤስ19ም ሆነ ኤስ21 75 ዴሲቤል አካባቢ ይጮኻሉ። አጠገባችሁ ቫኪዩም ክሊነር ሌሊቱን ሙሉ እንደማስነሳት ነው። በር መዝጋት አይበቃም፤ ድምፁ ቀጭንና የሚወጋ ስለሆነ ግድግዳ አልፎ ይሰማል። መኝታ ቤት አጠገብ አይሆንም። የግቢ ጥግ፣ ጋራዥ፣ ምድር ቤት ይሻላሉ። ለቤተሰቡ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የማሽኑን ድምፅ በቪዲዮ አሰሟቸው። ከገዙ በኋላ ማስታረቅ ከባድ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ ማሽኑ የሚበላው መብራት ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ይሆናል። 3,500 ዋት በሰዓት 12 ሺህ ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ገደማ ነው። ያንን በኤሲ እናቀዝቅዝ ካላችሁ አንድ ቶን የሚባለው ኤሲ ሙሉ አቅሙ ለዚህ ብቻ ይውላል፤ እሱም መብራት ይበላል። መፍትሔው ማቀዝቀዝ ሳይሆን ሙቀቱን ማስወጣት ነው።

ማሽኑ በአንድ በኩል አየር ይስባል፣ በሌላው ይተፋል። ዋናው ሕግ የተፋው አየር ተመልሶ እንዳይገባ ነው። በመውጫው በኩል በልኩ የተሠራ ማያያዣ ግጠሙና በቱቦ ወደ ውጭ አውጡት። ቱቦው አጭርና ሰፊ ይሁን። ረጅምና ብዙ ቦታ የተጣመመ ከሆነ መስመሩ ላይ ተጨማሪ ፋን ያስፈልጋል። የሚወጣውን ያህል አየር የሚገባበት ሌላ ቀዳዳ መኖር አለበት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ክፍሉ ከታፈነ ፋኖቹ ቢጮኹም የሚስቡት አየር አያገኙም። መግቢያው ላይ የአቧራ ማጣሪያ ይኑር፤ ግን ሲደፈን አየር ስለሚከለክል በየሳምንቱ እዩት። የሚገባው አየር ከ35 ዲግሪ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። አምራቾች እስከ 40 ገደማ ይፈቅዳሉ፣ ግን እዚያ ጠርዝ ላይ ማሽን አታኑሩ። ዝናብና እርጥበት ያለበት ቦታም አይሆንም።

መብራት፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም

ቤት የሚያቃጥለው ይህ ክፍል ስለሆነ ሥራውን ለባለሙያ ስጡ። ግን ምን እንደምታሠሩ እወቁ።

3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ምጣድ ወይም ካውያ ይህን ያህል ቢስብ ለጥቂት ጊዜ ነው። ማሽኑ ግን ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። ሳያቋርጥ ለሚሠራ ዕቃ የሚታወቀው መመሪያ ከብሬከሩ አቅም 80 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ስለዚህ 16 አምፔር ብሬከር የሚችለው 12.8 ብቻ ነው። 20 አምፔር ልክ ጠርዙ ላይ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ደግሞ ማሽኑ የሚፈልገውን ዋት ለማግኘት ብዙ አምፔር ይስባል፤ በ200 ቮልት 17.5 ይደርሳል። እኔ ለኤስ21 ዓይነት ማሽን 25 አምፔር ብሬከርና እሱን የሚችል የመዳብ ገመድ አሠሩ እላለሁ። ገመዱ ሳይቀየር ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ብሬከሩ ደጋግሞ ከወደቀ የሚላችሁ ነገር አለ ማለት ነው።

ከዋናው ብሬከር ሳጥን ተነስቶ ለማሽኑ ብቻ የሚሄድ መስመር ይዘርጋ። ፍሪጅና ምድጃ አይጋሩት። ኤክስቴንሽንና ማከፋፈያ በፍጹም። ተራው የግድግዳ ሶኬትም ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ለፋብሪካ የሚሆነው ሰማያዊ ባለ32 አምፔር ሶኬት ይሻላል። ኧርዝ መኖሩን በመሣሪያ አስለኩ፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ስላለ ብቻ ኧርዝ አለ ማለት አይደለም። ሁለት የኃይል ገመድ ያለው ሞዴል ከሆነ ሁለቱም መሰካት አለባቸው። ገመዶቹም ከማሽኑ ጋር የመጡት ወይም በአምፔራቸው እኩል የሆኑት ይሁኑ። የኮምፒውተር ቀጭን ገመድ ይሰካል፣ ግን ይግላል።

የቤት መብራት 110 ወይም 120 ቮልት በሆነበት አገር ትልልቆቹ ማሽኖች በተራው ሶኬት አይነሱም። ባለ240 ቮልት መስመር ማስገባት ይጠይቃሉ።

መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋና የሚመጣ ከሆነ የሚጎዳው መጥፋቱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ሲመጣ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል። መብራት ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያበራ መቆጣጠሪያ ከቮልቴጅ መከላከያ ጋር ግጠሙ። ዩፒኤስ አያስፈልግም፤ ማሽኑ በድንገት በመጥፋቱ የሚያጣው ነገር የለም። ስታቢላይዘር የምትገዙ ከሆነ አቅሙ ከማሽኑ በሰፊው ይብለጥ፤ ለ3,500 ዋት ከ5 ኪሎቮልት አምፔር በታች አትግዙ።

የጭስ ጠቋሚ አጠገቡ ስቀሉ። የኤሌክትሪክ እሳት የሚያጠፋ ማጥፊያም በር አካባቢ ይቀመጥ። ውሃ አይደለም።

ሲገዙ

አዲስ ከሆነ ከአምራቹ ወይም ከታወቀ ወኪል ግዙ፤ የዋስትናውን ጊዜና ማሽኑ ሲበላሽ የሚላክበትን አገር ጠይቁ። የማጓጓዣው ዋጋ ዋስትናውን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

ያገለገለ ከሆነ ሲሠራ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። የማሽኑን ገጽ በብራውዘር ክፈቱና ሦስቱም ሃሽ ቦርዶች (ስሌቱን የሚሠሩት ቺፖች የተገጠሙባቸው ሰሌዳዎች) መኖራቸውን፣ በእያንዳንዱ ላይ የቺፑ ቁጥር ሙሉ መሆኑን እዩ። ለምሳሌ ኤስ19 ፕሮ በአንድ ቦርድ 114 ቺፕ አለው። ለአምስት ደቂቃ የሠራ ማሽን ምንም አያሳይም፤ የ24 ሰዓት የፑል ግራፍ ጠይቁ። አፍንጫችሁንም ተጠቀሙ፤ የተቃጠለ ሽታ ካለ ተመለሱ። ዝገት ካለበትም እንደዚያው።

"ማሽን መግዛት አያስፈልግም፣ እኛ ጋር ተከራዩ" የሚሉ ድርጅቶች ሲመጡ ታሪኩን አስታውሱ። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በ2019 ቢትክለብ ኔትወርክ ላይ የመሠረተው የማጭበርበር ክስ 722 ሚሊዮን ዶላርን የሚመለከት ነበር። በ2022 የሃሽፍሌር መሥራቾች ሲያዙ የተጠቀሰው 575 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሁለቱም ማይኒንግ እያደረግን ነው ይሉ ነበር።

አተካከሉ ደረጃ በደረጃ

1. ማሽኑን ከካርቶን አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ከተሰማችሁ አትሰኩት። ሂትሲንክ የሚባለው የቺፕ ብረት ተፈትቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቦርዱ ላይ ከወደቀ ያቃጥላል።

2. ዋሌት (ቢትኮይናችሁ የሚገባበት ዲጂታል ቦርሳ) አዘጋጁ። የራሳችሁ ይሁን፤ ዋሌቱን የሚከፍቱት ሚስጥር ቃላት 12 ወይም 24 ናቸው። ወረቀት ላይ ጻፏቸው፤ በስልክ ፎቶ አታንሷቸው። ለማንም፣ "ድጋፍ ሰጪ ነኝ" ለሚልም ቢሆን፣ አትስጡ።

3. ፑል ምረጡና ተመዝገቡ። 200 ቴራሃሽ ያለው ሰው ብቻውን ብሎክ እስኪያገኝ በአማካይ 95 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ፑል የግድ ነው። የመጀመሪያው ፑል በ2010 የተጀመረው ስላሽ ፑል ነው፤ ዛሬ ብሬንስ ይባላል። ኤፍ2ፑል፣ አንትፑል፣ ቪያቢቲሲም አሉ። የምታዩት ሦስት ነገር ነው፦ ክፍያው፣ ትንሹ የመላኪያ መጠን፣ የአከፋፈል ዘዴው። ኤፍፒፒኤስ የሚባለው ፑሉ ብሎክ አገኘም አላገኘም በየቀኑ ይከፍላል። ፒፒኤልኤንኤስ ፑሉ ሲያገኝ ብቻ ነው። ለቤት ማሽን የመጀመሪያው ይመቻል፤ ሂሳባችሁን ከቆጣሪው ጋር ማነጻጸር ያስችላል።

4. የኔትወርክ ገመዱን ከራውተሩ አገናኙ። ትልልቆቹ ዋይፋይ የላቸውም። የሚጠቀሙት ዳታ ትንሽ ነው፤ ከፍጥነት ይልቅ የማይቆራረጥ መሆኑ ይበልጣል። ከዚያ መብራቱን ስጡት። ፋኖቹ መጀመሪያ በኃይል ይጮኻሉ፤ አትደንግጡ።

5. የማሽኑን አይፒ አድራሻ ፈልጉ። ወደ ራውተሩ ገጽ ገብታችሁ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር እዩ፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። አንትማይነር ላይ አይፒ ሪፖርት የሚባል ቁልፍ አለ፤ ከአምራቹ ፕሮግራም ጋር ሆኖ አድራሻውን ይነግራችኋል።

6. ያንን አድራሻ ብራውዘር ላይ ጻፉና ግቡ። አንትማይነር ላይ የመጀመሪያው መግቢያ ስምም የይለፍ ቃልም ሩት (root) ነው። ዓለም ሁሉ ያውቀዋልና ወዲያው ቀይሩት። ማሽኑን ከውጭ በኢንተርኔት እንዲከፈት አታድርጉ። ከቤት ኮምፒውተሮች የተለየ ኔትወርክ ላይ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

7. የፑሉን አድራሻ ከፑሉ ድረ ገጽ ገልብጣችሁ አስገቡ። የሠራተኛ ስሙ የተመዘገባችሁበት ስም፣ ነጥብ፣ ከዚያ ለማሽኑ የምትሰጡት መለያ ነው። የይለፍ ቃሉ ቦታ ላይ ብዙ ፑሎች ምንም ቢጻፍ ይቀበላሉ። ሦስት ቦታ አለ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው የመጀመሪያው ሲቋረጥ የሚሠሩ ናቸው። ባዶ አትተዉአቸው።

8. አስቀምጡና 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ።

የመጀመሪያው ቀንና ሳምንት

ከአንድ ሰዓት በኋላ መሰኪያውንና ገመዱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ሞቅ ማለት ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አጥፉና ባለሙያውን ጥሩ። ይህን በበነጋውም ድገሙት፤ የላላ ብሎን የሚታወቀው ቆይቶ ነው።

ፑሉ ላይ የሚታየው ሃሽሬት (በቴራሃሽ የሚለካው የማሽኑ ፍጥነት) በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይወጣል ይወርዳል። የ24 ሰዓቱን አማካይ ነው ማየት። ማሽኑ ለፑሉ ከሚልከው ውጤት (ድርሻ ይባላል) ውድቅ የተደረገው ከ1 በመቶ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ኢንተርኔቱ ወይም የፑሉ ሰርቨር ርቀት ነው። ሃሽሬቱ በሲሶ ከወረደ አንድ ቦርድ ሄዷል ማለት ነው። አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ የቦርዱን ኬብሎች ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ካልተመለሰ የጥገና ጉዳይ ነው።

የሚበላውን ዋት ማሽኑ ከሚነግራችሁ ይልቅ በክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ በሚለካ መሣሪያ) ወይም በቆጣሪው አረጋግጡ። ከዚያ ዝቅተኛ የኃይል ሁነታን ሞክሩ። ቴራሃሹ ይቀንሳል፣ ግን ዋቱ ከዚያ በበለጠ ስለሚቀንስ ለአንድ ቴራሃሽ የሚበላው ጁል ይሻሻላል፤ ጩኸቱም ይወርዳል። ቤት ውስጥ ላለ ማሽን ይህ ከሁሉም ቅንብር የሚበልጥ ነው ባይ ነኝ። አንዳንድ ማሽን በራሱ ሶፍትዌር ይህን ይፈቅዳል፤ ለሌላው እንደ ብሬንስ ኦኤስ ያለ ፈርምዌር፣ ማለትም ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር፣ አለ። ፈርምዌር ከአሳታሚው ራሱ እንጂ ከቴሌግራም ቡድን አታውርዱ። የፑል አድራሻችሁን በድብቅ የሚቀይሩ አሉ። ዋስትናንም ሊያፈርስ ስለሚችል ውሉን እዩ።

አቧራ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ በአየር መንፊያ ይነፋል። መብራቱ ተነቅሎ፣ ፋኑ በእጅ ተይዞ። ነፃ ፋን በአየር ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ቦርዱንም ሊጎዳ ይችላል።

በየሁለት ሳምንቱ፣ ዲፊከልቲው ሲስተካከል፣ የሳቶሺውን ሂሳብ እንደገና ሥሩ። ታሪፋችሁ ማሽኑ ከሚሰጠው ካለፈ አጥፉት። የሚቀጥለው ግማሽ ቅነሳ በ2028 ይጠበቃል። ያኔ ዲፊከልቲው ካልወረደ ሁሉም ማሽን ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚያወጣው ሳቶሺ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ቆየት ያለ ሞዴል ያለው ሰው ለመሸጥ እስከዚያ አይጠብቅ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል።

ስትሸጡ ማሽኑን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መልሱት፤ የፑል ስማችሁንም አጥፉ። ያገለገለ የምትገዙም መጀመሪያ ይህንኑ አድርጉ። አለበለዚያ መብራቱን የምትከፍሉት እናንተ፣ ሳንቲሙ የሚገባው ለድሮው ባለቤት ሊሆን ይችላል።